ጠጠር መቀባትና የጀማሪው እጅ

ድንጋይን በቀለም ማስጌጥ ከሥነ ሥዕል ዘርፎች ሁሉ አነስተኛው ተደርጎ ይታያል። ሸራም ሆነ የሥዕል ማቆሚያ አይጠይቅም፤ ጀማሪው ከወንዝ ዳር ለስላሳ ጠጠር ለቅሞ፣ በውሃና በሳሙና አጥቦ፣ በሚገባ አድርቆ፣ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ይቀመጣል። በዚህም ምክንያት ሥራው የልጆች መጫወቻ ወይም የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ከመባል አልፎ በሂስ ዓይን ሲታይ አይገኝም። ይህ ንቀት ጉዳት አለው። ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ብሩሽ የሚጨብጠው በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ በመሆኑ፣ እጁ በዚያን ጊዜ የሚለምደው መፍጠርን ነው ወይስ መገልበጥን የሚለው ጥያቄ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ለጀማሪዎች የሚሰጠው መመሪያ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ድንጋዩ በሙሉ ነጭ ቀለም ይለበጣል፤ ሲደርቅ በእርሳስ ይነደፍበታል፤ ንድፉ በአክሪሊክ ቀለም ይሞላል፤ በመጨረሻም ቫርኒሽ ይቀባል። ነጩ ልባጥ የራሱ ምክንያት አለው። ጥቁር ድንጋይ የቀለምን ድምቀት ይውጣል፤ እንደ ቀይ አሽ ያለው ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ደግሞ ቀለሙን መጥጦ መስመሩን ያበላሻል። የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያንም ቢሆኑ በግድግዳ ላይ የጥጥ ጨርቅ ለጥፈው በዚያ ላይ ሲሥሉ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱ አይመሳሰሉም። በቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ግድግዳው ተሸካሚ ብቻ ነው፤ ምእመኑ የሚመጣው ቅዱሱን ሊያይ እንጂ ጭቃውን ሊያይ አይደለም። በጠጠር ጌጥ ግን ድንጋዩ ራሱ የሥራው ግማሽ ነው። የተፈጥሮ መልኩና ውሃ ያለሰለሰው ገላው ከተሸፈነ፣ የሚቀረው በወረቀት ላይ ቢሠራ ይሻል የነበረ ትንሽ ሥዕል ነው።

ድንጋዩን ሳይሸፍኑ መቀባት ምን እንደሚመስል ለማየት እጅግ ወደ ራቀ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ ኤዱዋር ፒዬት እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ በሚገኘው የማስ ዳዚል ዋሻ ባካሄደው ቁፋሮ ቀለም የተቀቡ ጠጠሮች በብዛት አግኝቷል። ዕድሜያቸው ወደ 12,000 ዓመት ይጠጋል። ጠፍጣፋ የወንዝ ጠጠሮች ሲሆኑ፣ የተቀቡት ብረት አዘል በሆነ ቀይ አፈር ነው። ምልክቶቹም ነጠብጣቦች፣ አጫጭር መስመሮችና አልፎ አልፎ የጠጠሩን ጠርዝ ተከትሎ የሚሄድ ጥብጣብ ናቸው። ፒዬት የቁጥርና የፊደል ጅማሮ ናቸው ብሎ ተርጉሟቸው ነበር፤ ትርጓሜው ጸንቶ አልቆመም። ለሂስ ግን ከትርጉማቸው ይልቅ አሠራራቸው ይበልጥ ይናገራል። የጥንቱ ሠሪ ባዶውን ቦታ አልፈራም። ሦስት ነጠብጣብ አስቀምጦ እጁን ሰብስቧል፤ የቀረውን ድንጋዩ እንዲናገረው ትቶለታል።

በኢትዮጵያም ድንጋይና ቀለም የተዋወቁት ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በድሬዳዋ አቅራቢያ ካለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ 40,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባለቀለም ማዕድን ተገኝቷል። ከዚሁ ጋር ግማሽ ገላው በቀይ ቀለም የተለበጠ ጠጠር የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እንደ ማኅተም ቀለም ለማሳረፍ ሳያገለግል እንዳልቀረ ያመለክታል። ያ ጠጠር መሣሪያ እንጂ ጌጥ አልነበረም።

የዛሬው ጀማሪ በብዛት የሚቀባት ጥቁር ነጠብጣብ ያለባትን ቀይ ጥንዚዛ ነው። ይህቺን ጥንዚዛ መናቅ አይገባም። ጉብ ያለውን ክብ ድንጋይ አይቶ ጥንዚዛን በመጀመሪያ ያስታወሰ ሰው ቅርፅን ከይዘት ጋር ያገናኘ እውነተኛ ፈጣሪ ነበር። ችግሩ ከእርሱ በኋላ የመጣው ነው። ንድፉ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ለንድፉ የሚስማማ ድንጋይ ሲፈለግ፣ ድንጋዩን ማየት ይቀራል፤ ሃያኛዋ ጥንዚዛ በእጅ የተሠራች ብትሆንም ከማተሚያ ቤት እንደወጣች ትቆጠራለች።

በጽሑፍ የሚጌጡት ድንጋዮችም ከዚህ አይርቁም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በኬፕ ኮድ የባሕር ዳርቻ ሜጋን መርፊ የማበረታቻ ቃል በድንጋይ ላይ እየጻፈች ለአላፊ አግዳሚው መተው ጀመረች፤ ልማዱም ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። ሐሳቡ በጎ ነው። እንደ ጥበብ ሲመዘን ግን ድንጋዩ ወደ ወረቀትነት ዝቅ ብሏል። (የአክሪሊክ ቀለም ማያያዣው ፕላስቲክ በመሆኑ፣ እንዲህ ያሉትን ድንጋዮች በውሃ ዳር መተው ቀለሙ ሲላጥ ውሃውን መበከሉም አይቀርም።)

ከዚህ ሁሉ የሚጠቀመው በተለይ ወረቀትና ቀለም የማይበቃው የትምህርት ቤት መምህር ነው። ቅልብልቦሽ የተጫወተ ልጅ ጠጠርን በክብደቱና በልስላሴው መምረጥ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል፤ ትምህርቱም ከዚያው ምርጫ ሊጀምር ይችላል። ቀይ አፈርና ከሰል ተደቁሶ በሙጫ ቢበጠበጥ፣ ዝናብ ባይችልም ለመለማመጃ ይበቃል። ለተማሪው አንድ ጠጠርና አንድ ቀለም ይሰጠው፤ ከሦስት ምልክት በላይ እንዳያሳርፍም ይነገረው። አራተኛውን ለመጨመር እጁ ሲቁነጠነጥ መምህሩ ለምን እንደፈለገው ይጠይቀው፤ ጠጠሩንም ገልብጦ ያልተቀባውን ወገን ያሳየው።