መርዶ ለብቻ አይነገርም

ባህላችን ለመርዶ ሥርዓት አበጅቶለታል። ሰው ሲሞት ቅርብ ዘመድና ጎረቤት አስቀድሞ ይመካከራል፤ ማን እንደሚሄድ፣ ማን አፍ አውጥቶ እንደሚናገር ይወሰናል። ባለመርዶው ያቺን ሌሊት እንቅልፉን እንዲተኛ ይተዉትና ማለዳ ላይ ብዙ ሆነው በሩን ያንኳኳሉ። ሥርዓቱ ለሚያዝነው ሰው ብቻ የተበጀ ይመስላል። በነርስነት እየቆየሁ ስሄድ ግን ለነጋሪውም ጭምር የተሠራ መሆኑ ገባኝ። በባህላችን መርዶ ተናግሮ ብቻውን ወደ ሥራው የሚመለስ ሰው የለም። ከሐዘንተኛው ጋር ያለቅሳል፣ ለቅሶ ቤት ይቀመጣል፣ የሚያጽናናውም አያጣም።

ሆስፒታል ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ አባት ያርፋሉ። ተረኛው ሐኪም ሞታቸውን አረጋግጦ ሌላ ዋርድ ስለሚፈለግ ይሮጣል። ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል፤ ቀስቅሳ የምትነግረው ተረኛዋ ነርስ ናት። ልጁ ጮሆ መሬት ላይ ሲወድቅ ደግፋ ታነሳዋለች፣ ሌሎች ታካሚዎች እንዳይደነግጡ በር ትዘጋለች። ከዚያ የአንዱ ታካሚ ግሉኮስ አልቋል፣ የአሥራ ሁለት ሰዓት መድኃኒት መዘጋጀት አለበት፣ አስከሬኑም ይጠብቃታል። ለራሷ የሚሆን አንዲት ደቂቃ የላትም።

አርሊ ሆክሺልድ የተባሉ አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር የአውሮፕላን አስተናጋጆችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ስሜትን ገዝቶ ለሰው የሚሆን ፊት ማሳየት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን አሳይተዋል። የእኛ ሙያ ይህን ሥራ ከማንም በላይ ይሠራዋል፤ በሥራ ዝርዝራችን ላይ ግን አልሰፈረም። ካኑላ ማስገባት ተጽፏል፤ ልጅ ለሞተባት እናት ነግሮ ወዲያው ለጎረቤቷ አልጋ ፈገግ ማለት አልተጻፈም። ያልተጻፈ ሥራ ደግሞ እረፍትም አይታሰብለትም።

አንዲት አዲስ ነርስ መድኃኒት ክፍል ገብታ ስታለቅስ ባገኛት ብዙ አልሰጋም። አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ትወጣለች፤ ልቧ ገና ሥራ ላይ ነው። የሚያሰጋኝ ማልቀስም መቆጣትም የተወችው ናት። ምልክቱ አንደበቷ ላይ ይጀምራል። ታካሚው በስሙ መጠራቱ ይቀርና «ሰባት ቁጥር» ወይም «ያ ጉበቱ» ይሆናል። አስታማሚ ሲጠይቃት አንገቷን ሳታቀና ትመልሳለች። ቀልድ ሁልጊዜ አለ፤ ያለ ቀልድ ሌሊት አይነጋም። ነገር ግን በራሳችን ድካም መሳቅና በታካሚው ስቃይ መሳቅ ይለያያሉ፤ ሁለተኛው ሲለመድ ጆሮዬ ይቆማል።

ቻርቱም ይናገራል። የሙቀቱ መዝገብ ላይ ሌሊቱን ሙሉ 36.5፣ 36.5፣ 36.5 ተደርድሮ ሲገኝ፣ በብዙ ቦታ የሚከተለው ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ሳይለኩ መጻፍ ታካሚን የሚጎዳ ጥፋት ነው፤ አልከራከርም። ግን ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ነርሷ በዚያ ሳምንት ስንት ሌሊት እንደገባች፣ ከዚህ ወጥታ ሌላ ክሊኒክ ፓርት ታይም ትሠራ እንደሆነ የሚጠይቅ አለቃ እፈልጋለሁ። የነርስ ደመወዝ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ እንደማይችል እየታወቀ፣ ሁለት ቦታ መሥራቷን እንደ ስግብግብነት መቁጠር ደግሞ ግፍ ነው።

ሰውነትም ቀድሞ ያውቃል። «ጨጓራዬ ነው» የሚል ሠራተኛ ሲበዛ፣ ራስ ምታቱ ተራ ሲቃረብ ተነሥቶ እረፍት ቀን ሲጠፋ፣ ወደ ሥራ የሚወስደው ታክሲ ውስጥ ደረት ሲጨንቅ ልብ ማለት ነው። እንቅልፍ ሲጎድል ደግሞ ራስን መመዘን ራሱ ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጅና የዓይን ቅንጅቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመሳሰል አሳይቷል። ጠዋት ተነሥታ ቤቷን ስትሠራ ውላ ማታ ዲዩቲ የገባች ነርስ ይህን ሰዓት የምታልፈው ገና እኩለ ሌሊት ሳይርቅ ነው። «ደህና ነኝ» ስትል ታዲያ እየዋሸች አይደለም፤ ድካሟን የምትለካበት አእምሮም አብሮ ደክሟል። ስለዚህ የሌላ ሰው ዓይን ያስፈልጋታል።

ይህን የሥራ ዝለት ፈረንጆቹ በርንአውት ብለው በሳይንሳዊ ጽሑፍ ካነሡት ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ በኒውዮርክ ነፃ ክሊኒክ በሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞችና በራሳቸውም ላይ ያዩትን እ.ኤ.አ. በ1974 ጻፉ። ክሪስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 መለኪያ አወጡለት፤ የሚለካው ሦስት ነገር ነው፦ የስሜት መሟጠጥ፣ ከሚያገለግሉት ሰው መራቅ፣ «የምሠራው ምን ረባ» ማለት። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ክስተት እንጂ በሽታ እንዳልሆነ አስታወቀ።

ይህን የድርጅቱን ቃል ብዙ አለቆች አልሰሙትም። ምንጩ የሥራ ቦታው ከሆነ መድኃኒቱም እዚያው ይፈለጋል ማለት ነው። በአንድ ወቅት የጭንቀት አያያዝ ሥልጠና ተብሎ አዳራሽ ተሰበሰብን። በረጅሙ ተንፍሱ ተባልን፣ ተነፈስን፣ የታሸገ ውኃና ሰርተፍኬት ተሰጠን። ከዚያ የወጣው የተራ ፕሮግራም ካለፈው ወር አንድ ስም እንኳ አልተቀየረበትም። መተንፈስ አይጠቅምም አልልም፤ ይጠቅማል። ግን በሁለት ነርስ ለሠላሳ አልጋ አይተነፈስም።

አንድ ነገር ሳልለይ እንዳላልፍ። የሥራ ዝለት ከሥራ ሲርቁ ብዙውን ጊዜ ጋብ ይላል። እረፍት ላይም የማይለቅ፣ የልጅን ሳቅ እንኳ ጣዕም የሚያሳጣ፣ እንቅልፍና ምግብ የሚነሳ፣ በተለይ «ብሞት ይሻላል» የሚያሰኝ ከሆነ ድባቴ ሊሆን ይችላልና የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ዛሬውኑ መሄድ ነው። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም እንዲህ ያደክማሉ፤ መመርመር ነው። እኛ የጤና ሰዎች ለመታከም የመጨረሻዎቹ ነን፤ «እኔው አውቀዋለሁ» እያልን እንከርማለን።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ኮቪድ አገራችን ሲገባ ደግሞ መርዶው ከነበረው ባሰ። ቤተሰብ አስታሞ የሚሰናበትበት ዕድል ጠፋ፤ ዜናው በስልክ ሆነ፤ ነርሷም ቤቷ ሄዳ ልጆቿን ማቀፍ ፈራች። ያን ጊዜ ሥራ የገቡ ሁሉ «ጀግኖች» ተባሉ። ጀግና የተባለ ሰው ደግሞ ደከመኝ ለማለት ያፍራል።

እኔ ባለሁበት ዋርድ የያዝነው ልማድ ከዚያው ከአገሩ ሥርዓት የተወሰደ ነው። መርዶ አንድ ሰው አይነግርም። ሐኪሙ ካለ ሐኪሙና ነርሷ፣ ከሌለ ሁለት ነርሶች፣ ሰው ከጠፋም የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ አብረዋት ይቆማሉ፤ እሳቸው ሐዘንተኛ መያዝ ከሁላችንም ያውቁበታል። የነገረችው ነርስ ሌላ ሰው እስካለ ድረስ በዚያው ሌሊት አስከሬኑን አታዘጋጅም። አልጋዎቿን ባልደረባዋ ለጥቂት ጊዜ ይይዝላታል፤ እሷ ሻይ ትጠጣለች ወይም ደጅ ትወጣለች፤ «ምን ሆንሽ» ብሎ የሚያስጨንቃት አይኖርም። ጠዋት ርክክብ ላይ የታካሚው ሁኔታ ከተነገረ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፦ ሌሊቱ የከበደው ለማን ነው? አንዳንዱ ጠዋት መልስ የለም። አንዳንዱ ጠዋት ደግሞ ዝምተኛው ወንድ ነርስ አፉን ይከፍታል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሰው እጥረቱን ግን አይተካም፤ ለበጀት ያዡ ምክንያት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

የዓመት ፈቃድም መብት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በግል ጤና ተቋም የምትሠራ ነርስ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ አላት። ሥራዋ ላይ ሳለች ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥም በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው፤ ሕግ አውጪው እረፍቱ ራሱ እንዲወሰድ ፈልጓልና። «ሰው የለም፣ በኋላ ትወጪያለሽ» የሚለው መልስ ግን ከዓመት ዓመት ይንከባለላል።

የቀጣዩን ወር ተራ የምታወጡ ሄድ ነርሶች፣ ፕሮግራሙን ከመፈረማችሁ በፊት ያለፈውን ወር የሞት መዝገብ ከጎኑ ዘርጉት። በማን ሌሊት ስንት ሰው እንዳረፈ ቁጠሩ። ብዙ የተሸከመችውን ለዚህ ወር ከሌሊት አውጧት፤ እሷ እስክትጠይቃችሁ አትጠብቁ።