በትርና ጥላ፤ ታዳሽ ኀይልን በእጅ ስለ ማስተማር

በሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ ከደባርቅ እስከ ዳባት ባሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች የታዳሽ ኀይልን ምዕራፍ የሚያስተምር መምህር፣ ቤተ ሙከራም ሆነ የኤሌክትሪክ መስመር ባይኖረው እንኳ፣ ማንም የማይነፍገው አንድ መሣሪያ አለው፤ እርሱም በተደለደለ ምድር ላይ የተተከለ የአንድ ሜትር ቀጥ ያለ በትር ነው። እኔም ስለ ሶላር አንዲት ቃል ከመናገሬ አስቀድሞ በትሩን በግቢው መካከል አስተክላለሁ፤ ተማሪዎቼም ዓመቱን ሙሉ፣ ሰማዩ በጠራ ቁጥር፣ የቀትሩን ጥላ በገመድ እየለኩ ይመዘግባሉ።

ደባርቅ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ13 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በታኅሣሥ ጥላው ወደ ሰሜን ተዘርግቶ 74 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ እያጠረ ሄዶ፣ በሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ ከአናት ላይ ስትቆም ከበትሩ እግር ሥር ይጠፋል፤ በሰኔ ደግሞ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ይዞራል። ይህን የለካ ልጅ፣ የሶላር ሰሌዳ ለምን ወደ ደቡብ ማዘንበል እንዳለበት ሲጠየቅ፣ የሸመደደውን ሳይሆን በገመድ ያገኘውን ይመልሳል። ከዚያም አልፎ፣ ፀሐይ በሰሜን በኩል በምታልፍበት በክረምት ሰማያችን በደመናና በጉም ስለሚሸፈን፣ በብዛት የሚሰበሰበው የበጋው ብርሃን መሆኑን አስተውሎ፣ ሰሌዳው ከ13 ዲግሪ ጥቂት ይበልጥ ቢያዘነብል እንደሚሻል በገዛ ልቡናው ይደርስበታል።

ይህ ጥበብ ለሀገሩ ልጅ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ጥላቸውን በእግር እየሰፈሩ የጾምን ሰዓት ያውቁ ነበር፤ ምሉዕ ሆኖ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክም ፀሐይ በስድስት ኆኅት (በሮች) እየወጣች በስድስት ኆኅት እንደምትገባ፣ መዓልትና ሌሊትም እንደዚያው እንደሚረዝሙና እንደሚያጥሩ ይተርካል። ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይበራል። ይህን ሁሉ ዘልሎ ከባዕድ ሥዕል የሚጀምር መምህር፣ ሳይንስ በዚህ ምድር ዘመድ የለውም ብሎ ማስተማሩ ነው።

ከጥላው ቀጥሎ ነፋሱ ይመጣል። ከተበላሸ ቴፕ የወጣ ትንሽ ሞተር፣ ከጀሪካን የተቆረጠ ክንፍና ከእጅ ባትሪ የተፈታ የኤልኢዲ አምፖል በቂ ናቸው፤ በኤሌክትሪክ ይዞር የነበረው ሞተር በነፋስ ሲዞር ራሱ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። አምፖሉ ሽቦው ተገልብጦ ሲታሰር አይበራም፤ እኔም አልነግራቸውም፤ አንዱ ልጅ ሽቦውን እስኪያዞር ድረስ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. የገለጠው፣ መዞርን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ይህ ሕግ፣ በ188 ሜትሩ የተከዜ ግድብ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጩትን ተርባይኖች የሚያሠራው ነው፤ ከእነዚህ ልጆች ተራራ የሚወርደው የክረምት ውሃም የሚፈስሰው ወደዚያው ተከዜ ነው።

ትምህርቱ ከምድጃቸውም የራቀ አይደለም፤ በእነዚሁ ተራሮች ላይ፣ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በጨነቅ፣ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ባቄላ ለመቀቀል ረጅም ሰዓት፣ ለረጅሙም ሰዓት ብዙ የአስታ እንጨት ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የመሣሪያ እጦት አይደለም። በበጎ አድራጊ የተሰጠ ሰሌዳና የሙከራ ሣጥን፣ ከእነማሸጊያው በቁም ሣጥን ተቆልፎ ዓመታት ሲያልፉት አይቻለሁ፤ ምክንያቱም ንፉግነት ሳይሆን፣ ዕቃው በርእሰ መምህሩ ስም የተመዘገበ ንብረት በመሆኑ፣ አንዲት ሽቦ ብትበጠስ ተጠያቂው እርሱ መሆኑ ነው። በጣሪያ ላይ የወጣውም ሰሌዳ ባትሪው ሲሞት አብሮ ይሞታል፤ የሚፈታው እጅ አልሠለጠነምና። በሰሜን ሸዋ በሬማ ሶላር በየቤቱ ሲገባ፣ ቴክኒሽያን የሚያፈራ ትምህርት ቤት በዚያው መንደር መከፈቱን የማደንቀው ስለዚህ ነው።

ለገጠር ትምህርት ቤት ሶላር ለመለገስ የምታስቡ ወገኖች ሆይ፣ ከሰሌዳው ጋር መልቲሜትር፣ መፍቻና መለዋወጫ ጨምራችሁ ላኩ፤ ለርእሰ መምህሩም፣ ዕቃው በተማሪ እጅ ቢበላሽ እንደማይጠየቅበት በጽሑፍ አረጋግጡለት።