የወደቁ ነጥቦችና የጠፋ ስላቅ

ስለ ሥርዓተ ነጥብ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ደንብ በመዘርዘር ይጀምራል፤ በመዘርዘርም ያበቃል። ምልክት ሲወድቅ ምን አብሮ እንደሚሄድ እምብዛም አይጠየቅም። የካዛንቺስን ስም እንውሰድ። በጣልያን ወረራ ዘመን (1928-1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የጣልያን ተቋም በምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዛ» ደግሞ ቤት ነው። የአዲስ አበባ ሰው የምህጻሩን ነጥቦች ከነትርጉማቸው ጥሎ ሁለቱን ቃላት በአንድ ትንፋሽ ጠራቸው። ሰፈሩ በዚህ አልተጎዳም፤ እንዲያውም ስም አገኘ።

የትእምርተ ስላቅ ዕጣ ከዚህ ይለያል። ይህ የተገለበጠ ትእምርተ አንክሮ በአማርኛ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይገባል። «ደግ ሰው ነው¡» የተባለለት ክፉ ነው፤ «ደግ ሰው ነው!» የተባለለት ተመስግኗል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ፣ ስላቅ እንደ አራት ነጥብና ድርብ ሰረዝ የራሱ ቦታ አልተሰጠውም፤ ጸሐፊው የስፓንኛውን ምልክት ይዋሳል፣ አለዚያም (ይህ ይበዛል) በ«!» ይተካዋል። ከልቦለድ ሲጠቅስ እንዲህ የሚያደርግ ተማሪ የጣለው አንድ ምልክት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን አሽሟጣጩን ገጸ ባሕርይ አመስጋኝ አድርጎታል፤ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ትንታኔም ስለ ሌላ ሰው ነው። ማሽኑ ምልክቱን ካላወጣ በብዕር ይጨመርበት።