ቃል የለሽ ሽለላ፦ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን፣ ባንዱና አድናቂዎቹ

ከወልድያ ተነሥቶ በቆቦ በኩል ወደ አላማጣ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የራያን ሜዳ ሲያቋርጥ ዋጃን ያገኛል። በምዕራብ የተራራው ሰንሰለት፣ በዙሪያዋ የማሽላው ማሳ የሚታይባት የቆላ ከተማ ናት። አዝመራው ተሰብስቦ የሠርግ ወራት ሲገባ፣ በዚያም እንደ ሌላው የወሎ አገር ሁሉ፣ ድግሱ ሞቅ ሲል ከተቀመጠው ሰው መካከል አንዱ ብድግ ይላል። ዱላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንጎራደደ ይሸልላል። ነገር ግን ብቻውን አይሸልልም። ስንኙን ሲጨርስ የሚቀበለው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው የሚሞላለት፣ «በለው!» እያለ የሚያበረታታውና በእልልታ የሚያጅበው ሰው በዙሪያው አለ። ተቀባይ ያጣ ሸላይ በባዶ ሜዳ እንደሚጮኽ ሰው ይቆጠራል።

ማንም የቆላ ልጅ የሚያውቀው ይህ ነገር፣ ስለ ታላቁ የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ስለ ጌታቸው መኩሪያና ስለ አድናቂዎቹ ለመናገር ተገቢ መነሻ ነው። ጌታቸው ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወስዶ ከውጭ በመጣ የትንፋሽ መሣሪያ ያሰማ ባለሙያ ነበር። በዚህም ሥራው በአገር ውስጥም ሆነ በባሕር ማዶ ብዙ አድናቂ አፍርቷል። ለመሆኑ ይህ አድናቆት የሚያርፈው በምኑ ላይ ነው? በስሙ ላይ ነውን? በለበሰው የአንበሳ ጎፈር ላይ ነውን? ወይስ በሚነፋው ዜማ ላይ? አድናቂው የሸላዩን ድምፅ ሰምቶ ብቻ የሚመለስ ነው፣ ወይስ እንደ ሠርጉ ቤት ሰው ተቀባይ የሚሆን? የአንድ የኪነት ሰው ዝና ከሥራው ጋር አብሮ የሚኖረው ወይም ከሥራው ተለይቶ የሚቀረው ለእነዚህ ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ ነው።

ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለደ። ሙዚቃን የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ሲሆን፣ ወደ ክላሪኔትና ወደ ሳክስፎን የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ሥራ ጀመረ። በ1955 ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ገባ፤ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። እነዚህ ጓዶች እንደ ነርሲስ ናልባንዲያን ያሉ መምህራን የውጭውን መሣሪያና የኖታውን ሥርዓት ከአገሩ ዜማ ጋር ለማስማማት የደከሙባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ ማለት ይቻላል።

በዚህ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ከዓመታቱ ይልቅ ቅደም ተከተሉ ሊስተዋል ይገባል። የጌታቸው ጣት የሳክስፎኑን ቁልፍ ከመልመዱ በፊት ጆሮው በማሲንቆ ተሞርዷል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ እያንሸራተተ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ አይዘልለውም። በጓድ ውስጥ የሚነፋ ሰው ግን በኖታው ላይ የተጻፈውን ድምፅ በትክክል ይዞ፣ ከጎኑ ካለው ነፊ ጋር እኩል እንዲሄድ ይጠበቅበታል። ጌታቸው ሁለቱንም ተምሯል። ሽለላን በሳክስፎን ማሰማት ሲጀምር ያደረገው ነገር የጓዱን ሥርዓት ሳይረሳ የማሲንቆውን መንገድ በሳክስፎኑ ውስጥ መክፈት ነበር።

የቴነር ሳክስፎን ድምፅ ለጎልማሳ ወንድ ድምፅ ቅርብ ነው። ጌታቸውም መሣሪያውን እንደ ጉሮሮ ተጠቀመበት። ድምፁን በቀጥታ አይመታውም፤ ከሥር ተነሥቶ ይደርስበታል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ይጠመዝዘዋል፣ አንዳንዴም ይሰብረዋል። አንዱን ድምፅ እስከ ትንፋሹ ጫፍ ድረስ ይዞ ከቆየ በኋላ፣ ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ እንደሚያፈስ ሰው ይቸኩላል። ሸላይም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያውን ቃል ጎትቶ ጎትቶ ሰውን ዝም ካሰኘ በኋላ የቀረውን ስንኝ አከታትሎ ይለቀዋል። ቃሉ ባይኖርም አገሩን የሚያውቅ ሰው ስንኙ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያርፍ፣ የት ላይ መቀበል እንዳለበት ከዜማው ብቻ ይረዳል።

የባንዱም ነገር የሚነሣው በዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መግቢያ በፊሊፕስ ስም በወጣውና «ንጉሥ» የሚለውን ማዕረግ በሰጠው ሸክላ ውስጥ ብዙ አድማጭ የሚሰማው ሳክስፎኑን ብቻ ነው። ከሥሩ ያሉት መሣሪያዎች አጭር ሐረግ እየመላለሱ ሲሄዱ የተለየ ነገር የማይሠሩ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ የእነርሱ መመላለስ ባይኖር ሳክስፎኑ ከምን ላይ ይነሣል? ወዴትስ ይመለሳል? በሠርጉ ቤት የሚያጨበጭበውና የሚቀበለው ሰው የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው ባንዱ ነው። ሸላዩ ከሰልፉ ወጥቶ ብቻውን እንዲቆም ሰልፉ በቦታው መቆየት አለበት። ጌታቸውን አድንቆ ባንዱን ያልሰማ አድናቂ የሽለላውን እኩሌታ ብቻ ሰምቷል። ጌታቸው ራሱ ይህን ያውቅ ነበር፤ እንደ ዓለማየሁ እሸቴ፣ ሂሩት በቀለና አያሌው መስፍን ላሉ ድምፃውያን አጃቢ በሆነ ጊዜ እርሱ በተራው የተቀባይነቱን ቦታ ይዟል።

የባሕር ማዶው አድናቆት የራሱ ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የጥንቱን የኢትዮጵያ ሸክላ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ እትም ማውጣት ጀመረ። የጌታቸው ሥራ በ2003 የዚህ ተከታታይ 14ኛ ክፍል ሆኖ ሲታተም፣ ስሙን ሰምተው የማያውቁ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች አዲስ ነገር እንዳገኙ ሆነው ተቀበሉት። ብዙዎቹም ወዲያው ከአሜሪካዊው የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ከአልበርት አይለር ጋር አነጻጸሩት። አይለር በ1936 ተወልዶ በ1970 የሞተ፣ ከጃዝ የተለመደ ሥርዓት ወጥቶ ሳክስፎኑን እንደሚያለቅስ ሰው ያስጮኸ ተጫዋች ነበር። የሁለቱ ድምፅ ይቀራረባል መባሉ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ንጽጽሩ ስለ ጌታቸው ከሚነግረው ይልቅ ስለ አነጻጻሪው ጆሮ የሚነግረው ይበዛል። አይለር ያንን ጩኸት ያገኘው ሥርዓትን በመስበር ሲሆን፣ ጌታቸው ግን ሥርዓትን በመጠበቅ ነው። ለኒውዮርክ አድማጭ አመፅ የሚመስለው ድምፅ ለዋጃ ሽማግሌ የአያቱ ወግ ነው።

ሁሉም የውጭ አድናቂ ግን በንጽጽር ብቻ አልቀረም። በ1979 የተመሠረተው የአምስተርዳሙ «ዘ ኤክስ» የተሰኘ የፓንክ ባንድ በ2004 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘው። ጌታቸውም ባንዱን ሰምቶ አብረውት እንዲጫወቱና እንዲቀርጹ የጠየቀው እርሱ ራሱ ነበር። በዚህ መልክ «ሞአ አንበሳ» በ2006፣ «የአንበሳው ትዝታ» በ2012 ወጡ። በእነዚህ ሥራዎች ላይ ተገቢ ነቀፌታ ሊቀርብ ይችላል፤ የጊታሮቹ ጩኸት አንዳንድ ቦታ ሳክስፎኑን ይጫነዋል፣ የከበሮውም ኃይል ሽለላው የሚፈልገውን ዝምታ ይነፍገዋል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ነገር ከብዙ ውዳሴ ይበልጣል። ዜማውን አጥንተው፣ ሽማግሌውን በመካከል አቁመው ተቀባይ ሆኑለት። በፓሪስም የተቋቋመ አንድ ባንድ ጌታቸው ከተጫወታቸው ዜማዎች በአንደኛው «አካሌ ውቤ» ብሎ ራሱን ሰይሟል። አድናቂ ስሙን ከሚያደንቀው ዜማ ሲወስድ ዜማውን በደንብ የመጫወት ግዴታም አብሮ ይወስዳል።

በአገር ውስጥ ያለው አድናቆት ደግሞ በሌላ በኩል ይጎድላል። «የሳክስፎኑ ንጉሥ» የሚለው ማዕረግ ከአፍ አይወጣም፤ ሥራውን አንድ በአንድ የሚያውቅ፣ «አንቺ ሆዬ»ውን ከ«ሽለላ»ው ለይቶ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ማዕረግ ፍርድን ያስቀራል። «ንጉሥ ነው» ከተባለ በኋላ ምኑ መልካም፣ ምኑ ደካማ እንደሆነ የሚጠይቅ አይገኝም። በተጨማሪም ንጉሥ አንድ ብቻ ስለሆነ ሌላው ሁሉ ይጋረዳል። ተስፋማርያም ኪዳኔና የዋልያስ ባንዱ ሞገስ ሀብቴ በዚሁ በቴነር ሳክስፎን የየራሳቸውን ድምፅ ያገኙ ናቸው። የጌታቸው ታላቅነት የሚታወቀው ከእነርሱ ጎን ሲቆም እንጂ እነርሱ ሲረሱ አይደለም።

የአለባበሱም ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ጌታቸው በመድረክ ላይ የጦረኛ ቆዳ ለብሶ፣ የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ ደፍቶ ይቀርብ ነበር። ይህ ለሽለላው ያለውን አክብሮት ያሳያል። ሆኖም ጎፈሩ ለማያውቀው ተመልካች ዐይኑን ሞልቶ ጆሮውን የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ፎቶግራፉን ያየ ሁሉ አንበሳውን ያስታውሳል፤ ከድምፁ መጨረሻ ላይ የሚሰማውን ስብራት ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ያ ስብራት ከሌለ ደግሞ ሽለላው ባዶ ማስፈራራት ይሆናል።

ይህን የሚያህል ነገር ለምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ ወደ ዋጃ ይመልሳል። ሽለላ የጦርነት ቃል ነው። ጀግናን በስሙ ይጠራል፤ ጠላትንም ይጠራል። የራያ ቆላ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት የውጊያ ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ሽለላ የሚጠራው ነገር ሲመጣ ምን እንደሚመስል የአገሩ ሰው በቤቱ አይቶታል። ታዲያ እንዲህ ባለ አገር የጦርነትን ዜማ ማድነቅ እንዴት ይቻላል?

የጌታቸው ሥራ ለዚህ ጥያቄ መልስ ባይሰጥም መንገድ ያሳያል። ሳክስፎን ስም መጥራት አይችልም። ሽለላው በእርሱ ሲነፋ ዘር ቆጠራው፣ ዛቻው፣ የጠላቱ ስም ሁሉ ይወድቅና ትንፋሹ ብቻ ይቀራል። በወሎም ሆነ በሸዋ ለጀግና ሰው ለቅሶ ላይም ይፎከራል፤ ሽለላና ልቅሶ ከጥንት ጀምሮ ጎረቤታሞች ናቸው። ቃሉ በነበረ ጊዜ ዛቻው ልቅሶውን ይሸፍነዋል። ቃሉ ሲነሣ ግን ከፉከራው ሥር የነበረው ሐዘን ይሰማል። እርግጥ ነው፣ ቃል የሌለውን ዜማ እያንዳንዱ በፈለገው ቃል ሊሞላው ይችላል፤ የጥላቻ ቃልም ቢሆን ዜማው አይከለክልም። ስለዚህ ኃላፊነቱ ወደ ተቀባዩ ይዞራል። ሸላዩ ዝም ያለውን ነገር ምን ብሎ እንደሚቀበለው የሚወስነው አድማጩ ነው። የአድናቂነት ክብደቱም ይኸው ነው።

ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ዐረፈ። ሸክላው በፓሪስ ዳግም ታትሞ ለዓለም ተሰራጭቷል፤ በትውልድ አገሩ ያለው ሥራ ግን አልተሠራም። ይህን ሥራ ሊጀምሩ የሚችሉት በየከተማው ያሉ የባህል ክፍሎች፣ የኪነት ቡድኖችና መምህራን ናቸው። የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም። መምህሩ ተማሪዎቹን በመጀመሪያ ሽለላ የሚያውቅ የመንደር ሽማግሌ ዘንድ ይውሰዳቸው፤ መቀበልን ይልመዱ። ቀጥሎም የጌታቸውን «ሽለላ» ያሰማቸውና ስንኙ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ባንዱ የት ላይ እንደሚመልስ በእጃቸው እንዲያመለክቱ ይጠይቃቸው። በወሎ ምድር ስም የሚጠሩትን የአምባሰልንና የባቲን ቅኝቶች በቤታቸው እየሰሙ ያደጉ ልጆች ይህን ለማወቅ የውጭ አስተማሪ አያሻቸውም። ዛሬ በብዙ ሠርግ ላይ ኪቦርድና የድምፅ ማጉያ ተቀባዩን ዝም ባሰኙበት ጊዜ፣ እጃቸውን በትክክለኛው ቦታ የሚያነሡ አሥር ተማሪዎች ማፍራት ለጌታቸው ከሚሰጠው ከማንኛውም ማዕረግ የበለጠ ነው።