ለሰርግ ገበታ የሚሆን መሶብ አመራረጥ

የሙሽሮቹ ገበታ በሰርግ አዳራሽ ውስጥ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ የሚታይ ስለ ሆነ፣ በመካከሉ የሚቀመጠው ጌጥ ምን ይሁን የሚለው ጉዳይ የሙሽሪትን እናት፣ አክስቶቿንና ሚዜዎቿን ለብዙ ቀን ሲያመካክር ይሰነብታል። ከዝዋይና ከሆለታ እርሻዎች የሚመጣው ጽጌረዳ ውበቱ የማይካድ ነው፤ ነገር ግን በረጅም ማስቀመጫ ላይ ተከምሮ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ሰዎች ሲጋርድ፣ ሽታውም ከዶሮ ወጡ መዓዛ ጋር ሲጋፋ፣ ለዓይን ያመጣውን ደስታ ከማዕዱ ላይ መልሶ ይወስደዋል። ለመዓዛማ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጤማ ይበቃል። በገበታው መካከል ሊቀመጥ የሚገባው፣ ጌጥ ሆኖ ቆይቶ ክዳኑ ሲነሣ ማዕድ የሚሆነው፣ በእጅ የተሰፋ መሶብ ነው ብዬ አምናለሁ።

መሶብ በእኛ ዘንድ ከዕቃነት ያለፈ ክብር አለው። ለቅዱስ ቁርባን የተዘጋጀው ኅብስት ከሚጋገርበት ቤት ከቤተ ልሔም ወደ መቅደስ የሚገባበት ንዋይ መሶበ ወርቅ ይባላል፤ ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያንም እመቤታችንን በዚሁ ስም ያወድሷታል። በተክሊል ወይም በቃል ኪዳን የተጣመሩ ሁለት ሰዎች መጀመሪያ አብረው የሚቆርሱበትን መሶብ መምረጥ፣ እንግዲህ፣ ቀለሙ ስላማረ ብቻ ከመደርደሪያ አንሥቶ የሚከፈልበት ነገር ሊሆን አይገባም።

ዕውቀት ያለው ሰው መሶብ ሲቀርብለት አስቀድሞ ክዳኑን ያነሣል፤ የሰፊዋ ሕሊና የሚታወቀው ከውስጥ ነውና። ስፌቱ የሚነሣው ከመካከል ከአንዲት ትንሽ ጥምዝ ሲሆን፣ ይህች መነሻ ጥብቅ ካልሆነች ከእርሷ በኋላ የሚመጣው ዙር ሁሉ የላላ መሠረት ላይ የቆመ ይሆናል፤ ስለዚህ መሶቡን ወደ ብርሃን አንሥቶ በመሐሉ ጭላንጭል ያልፍ እንደ ሆነ መመልከት የመጀመሪያው ፈተና ነው። ቀጥሎ የአውራ ጣትን ጥፍር ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀስታ መሳብ ነው። በውስጡ የሚገባው የሣር እስር በእያንዳንዱ ዙር እኩል ውፍረት ያለው ከሆነ፣ ጥፍሩ ከዙር ወደ ዙር በአንድ ዓይነት እርምጃ ይሻገራል፤ ሰፊዋ የቸኮለችበት ቦታ ላይ ግን እስሩ ወፍሮ፣ ስፌቱም ተራርቆ፣ እጅ ዓይን ያላየውን ያገኛል። ወስፌዋ የቀደመውን ስፌት ሰንጥቃ የወጣችበት ቦታም የተሸረፈ ጭረት ሆኖ ይታያል፤ እንዲህ ያለው መሶብ ዛሬ ቢያምርም ከጥቂት ዓመት በኋላ ከዚያው ቦታ መፈታት ይጀምራል። የአለላው፣ ማለትም በቀለም የተነከረው ሣር፣ ጫፍ ሁሉ ወደ ውስጥ ተቀብሮ፣ የውስጡ ገጽ ከውጭው ሳይለይ የጠራ ከሆነ፣ ያቺ ሰፊ ማንም በማያየው ቦታ እንኳ ሥራዋን ያከበረች ናት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የእጅን ብስለት የሚመሰክረው ግን የጌጡ መገናኛ ነው። መሶብ ወደ ጠርዙ እየሰፋ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ሰፊዋ በየዙሩ ስፌት እየጨመረች፣ ያለ ወረቀትና ያለ መስመሪያ በልቧ እየቆጠረች፣ ከአንድ ቦታ የጀመረችውን የአለላ ጌጥ ዞራ መጥታ ከመነሻው ጋር በልክ ማግጠም አለባት። ቁጥሩ ከተዛነፈ የመጨረሻዋ ጌጥ ከእኅቶቿ ትጠባለች ወይም ትሰፋለች። መሶቡን በዝግታ አዙሩት፤ ጌጡ የት እንደ ተጀመረ ለመለየት ከተቸገራችሁ ከባለሙያ እጅ የወጣ ሥራ ይዛችኋል።

ስለ ቀለም የሚባለው አጭር ነው። ኅብሩ ብዙ መሆኑ ውበትን አያበዛም፤ የሣሩ የተፈጥሮ መልክ ሰፊ ቦታ ይዞ ሁለት ወይም ሦስት ቀለም ሲጣልበት ጌጡ ጎልቶ ይወጣል። ነጭ ጨርቅ በውኃ አርሶ አለላውን ማሸት ግን ፈጽሞ አይዘለል፤ እንጀራ እርጥብ ነውና የሚለቅ ቀለም በሰርጉ ቀን እንጀራውን ያቀላዋል። አፍንጫንም ወደ ውስጥ ማስጠጋት ይገባል፤ ደህና ደርቆ የተሰፋ መሶብ የሣር ሽታ እንጂ የሻጋታ ሽታ የለውም።

ቅርጹን ለመመርመር መሶቡን በደልዳላ ወለል ላይ አቁሞ ከንፈሩን በአራቱም በኩል መጫን ነው፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ወጥ ሲጨመርበት ያዘነብላል። በእግሩና በገበታው መካከል ያለው ቀጭን ወገብ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከም ስለ ሆነ እንደ አጥንት የጠነከረ ይሁን። ክዳኑ በየትኛውም በኩል ቢዞር እኩል ሊገጥም ይገባዋል፤ በቆዳ የተለበጠ ወይም በዛጎል ያጌጠ ከሆነም ቆዳውና ዛጎሉ የስፌቱን ጉድለት ለመሸፈን የገቡ እንዳይሆኑ ከሥራቸው ገልጦ ማየት ነው። ስፋቱን የሚወስነው እንጀራው ነው፤ አንድ ሙሉ እንጀራ ጠርዙ ሳይታጠፍ ካልተዘረጋበት መሶቡ ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለማዕድ አልተሰፋም። የሐረር ሴቶች የሚሰፉት ጌጠኛ ስፌት የቤታቸውን ግድግዳ የሚያስከብር ድንቅ ሥራ ነው፤ ይሁንና ለግድግዳ የታሰበውን ለወጥና ለእንጀራ ማዋል ለሥራውም ለበላተኛውም አይበጅም።

ቁመቱን በሚመለከት፣ ባለ ረጅም እግር መሶብ የተሠራው በዱካና በበርጩማ ለሚከቡት ሰዎች ነው። በከፍተኛ ጠረጴዛ ላይ ካቆማችሁት የሙሽሮቹን ፊት ይሸፍናል፤ ስለዚህ ለአዳራሹ ጠረጴዛ እግረ አጭሩን መርጣችሁ፣ ረጅሙን በቤት ውስጥ ለሚደረገው ለመልስ ግብዣ አቆዩት።

መልካም መሶብ በሳምንት አይሰፋም። የሚሰፋበት ሣር፣ አክርማውና ስንደዶው፣ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ተነቅሎ መድረቅ፣ ከፊሉም በቀለም መነከር አለበት፤ ስፌቱ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ከጥምቀት በኋላ ወይም ከፋሲካ በኋላ ሰርግ የምትደግሱ ሁሉ፣ ሰፊዋን አንድ ዓመት ቀድማችሁ አነጋግሯት፤ የእንጀራችሁን ልክ በገመድ ለክታችሁ ስጧት፤ ዋጋዋንም በፋብሪካ ዕቃ ዋጋ አትመዝኑባት።