የምዕራብ ፀሐይና የቀርከሃ ግድግዳ

ሐዋሳ ውስጥ ቦታ በሊዝ ወስዶ ሕንፃ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ መስታወት ነው። ሐይቁ እንዲታየው፣ የሕንፃው ፊት እንዲያብረቀርቅ ይፈልጋል። ምኞቱ ይገባኛል፤ በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረች ከተማ ገና ወጣት ናት፣ ዘምና መታየት ያምራታል። ችግሩ ሐይቁ ያለው በስተምዕራብ መሆኑ ነው። እይታውና የከሰዓቱ ፀሐይ የሚመጡት በአንድ በኩል ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ትገባለች፤ ወደ ውጭ የወጣ ሶሌታ አይመልሳትም። ክፍሉ ሲግል መጋረጃ ይወርዳል። ለሐይቁ ሲባል የተገጠመው መስታወት ከሰዓቱን በጨርቅ ተሸፍኖ ያልፋል።

ወደ ሁላና አርቤጎና ደጋ ስወጣ የማየው የሲዳማ ቤት በዚህ ጉዳይ ብዙ እንዳስብ ያደርገኛል። የተሰነጠቀው ቀርከሃ እንደ ቅርጫት እየተጠላለፈ ከመሬት እስከ ጫፍ ይወጣል፤ ግድግዳው አልቆ ጣሪያው የሚጀምርበት መስመር የለም። ከብቶቹ በአንዱ ወገን ስለሚያድሩ ሙቀታቸው ለቤተሰቡ ይተርፋል። ቤቱ ቀላልና ተለማጭ ስለሆነ፣ መሬት በሚንቀጠቀጥበት በእኛ ስምጥ ሸለቆ፣ ከባድ ብሎኬት የተሸከመ ፎቅ የሌለው ደኅንነት አለው። ያም ሆኖ የተሠራው ለደጋ ብርድና ዝናብ ነው። እንዳለ ገልብጠን ሐይቅ ዳር ብናቆመው ሐዋሳን አይመጥናትም።

ታዲያ ከአሮጌ ቤት ምን ይወረሳል? አክሱማውያን ግንበኞች ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ይደረድሩ ነበር፤ ግድግዳውን የሚያስሩት እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ይላል፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለው ይህ ነው። ደብረ ዳሞ ላይ ዛሬም ይታያል። ሐውልቶቻቸውን ሲቀርጹም የእንጨቱን ሥራ ወደ ድንጋይ አሻገሩት፤ ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ዳግም የቆመው ሐውልት ላይ በሩም፣ መስኮቱም፣ የዝንጀሮ ራሱም አለ። ከብዙ ዘመን በኋላ ላሊበላ ላይ ቤተ አማኑኤልን ከአንድ ቋጥኝ የፈለፈሉት ሰዎች ያንኑ ድርድር በግድግዳው ላይ አኖሩት፤ የሚያስር እንጨት ሳይኖር። ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል። ነገር ግን ሐውልትና ቤተ መቅደስ ለክብር ቅርጽ ቢወርሱ ይበቃቸዋል። ሰው ውሎ የሚያድርበት ቤት ሥራውንም መውረስ አለበት። ስለዚህ የሲዳማን ቤት ጣሪያ ለጌጥ ብቻ በኮንክሪት ፎቅ አናት ላይ መድፋት አይዋጥልኝም።

ካይሮ የጥንት ቤቶች መስኮት ላይ የሚገጠመው የእንጨት ፍርግርግ ለምዕራቡ ፀሐይ የምንፈልገውን ሥራ ይሠራል፤ ፀሐይን ሰብሮ ነፋስን ያሳልፋል፣ ከውስጥ ያለውም ሰው ውጭውን ያያል። እኛ ደግሞ ይህን ሊሠራ የሚችል ሽመና አለን። በምዕራብ ፊት ላይ ከመስታወቱ ፈቀቅ ብሎ የሚቆም የቀርከሃ ሽመና የምነድፈው ለዚህ ነው። በመሐሉ ያለው ክፍተት ሙቀቱን ወደ ላይ ያስወጣዋል፤ ሐይቁም በቀዳዳዎቹ በኩል ከሰዓቱን ሙሉ ይታያል።

ቀርከሃው ሦስት ዓመት ያለፈው፣ የበሰለ መሆን አለበት፤ ለጋ ከሆነ ነቀዝ ይጨርሰዋል። በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ይነከራል፤ ይህ መድኃኒት ግን በዝናብ ስለሚታጠብ ከላይ ከለላ ይሻል። የምዕራብ ፀሐይን ያላስቆመው ሶሌታ እዚህ ጋ ይጠቅማል። ሽመናው በብሎን በሚፈታ የብረት ክፈፍ ይታሰራል፤ ያረጀው ክፍል ብቻውን ወርዶ በአዲስ ይተካል።

ደንበኞች ብዙ ጊዜ «የገጠር ቤት አስመሰልከው» ይሉኛል። ስለ ጣዕም አልከራከራቸውም፤ በአሥር ሰዓት የጎረቤቱን ባለመስታወት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ አብረን እንውጣና እንቀመጥ እላቸዋለሁ። ከተስማማን በሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሰነዱ ላይ፣ ከብሎኬቱና ከአሉሚኒየሙ ጎን፣ የቀርከሃ ሽመና ራሱን የቻለ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የሸማኞቹ ክፍያም እንደ ፌሮ ሠራተኛው በባለሙያ ተመን ይሰላል።