ከመንጋጋ ቀዶ ሕክምና በኋላ
መንጋጋን የሚያስተካክል ቀዶ ሕክምና አጥንትን ቆርጦ ወይም የተሰበረውን አቅንቶ፣ ቦታው ላይ መልሶ በብረት የማሰር ሥራ ነው። ቀዶ ሕክምናው በሰዓታት ያልቃል። አጥንቱ እስኪያያዝ ግን ስድስት ሳምንት ገደማ፣ በደንብ እስኪጠነክር ደግሞ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። ከጎጃም፣ ለምሳሌ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ ወይም ከጃቢ ጠህናን ገጠር፣ ለሕክምናው የሄደ ታካሚ ከእነዚህ ወራት አብዛኞቹን የሚያሳልፈው ቀዶ ሐኪሙ በሌለበት፣ በገዛ ቤቱ ነው። የአፍ፣ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች የሚገኙት በትልልቅ ከተሞች ነው፤ አዲስ አበባ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ሙያ ከሚታወቁት አንዱ ነው። ስለዚህ የሚሠራው እጅ አንድ፣ ታካሚውን ተቀብሎ የሚጠብቀው እጅ ሌላ ይሆናል። ጥሩ የተሠራ መንጋጋ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለው ርክክብ ሲላላ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ቀዶ ሕክምና ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ወደፊት የገፋ አገጭን ወይም የማይገጥሙ ጥርሶችን ማስተካከልን ነው። ኦስትሪያዊው ቀዶ ሐኪም ሁጎ ኦብዌገዘር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስተዋወቀው፣ የታችኛውን መንጋጋ በግራና በቀኝ ሰንጥቆ ወደፊት ወይም ወደኋላ የማንሸራተት ስልት ዛሬም ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ማክሲም ሻምፒና ባልደረቦቹ ትንንሽ የብረት ሳህኖችን በብሎን የማሰሩን ዘዴ አዳበሩት፤ ከዚያ ወዲህ አፍን ለሳምንታት በሽቦ ዘግቶ ማቆየት ለሁሉም ታካሚ ግድ መሆኑ ቀረ። ከጎጃም ገጠር ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚያደርሰው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። አንዱ ከዛፍ ወድቆ፣ በዱላ ተመትቶ ወይም በመኪና አደጋ መንጋጋው የተሰበረ ሰው ነው። ሌላዋ በልጅነቷ አገጯን መሬት የመታት፣ ወይም ጆሮዋ ለረጅም ጊዜ መግል ሲያፈስ የኖረና የመንጋጋዋ መገጣጠሚያ ተጣብቆ አፏ አልከፈት ያለ ልጅ ናት። የመንጋጋ እጢ አለ፤ በልጅነት የፊትን ሥጋና አጥንት የሚበላው ኖማም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም ነው። ከዚያ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት በጎ ፈቃደኛ ቀዶ ሐኪሞችን ወደ አዲስ አበባ እያመጣ የኖማ ተጎጂዎችን ያሳክም ነበር።

ፊት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያብጣል። እብጠቱ የሚበረታው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ አብዛኛው በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይወርዳል። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ በሦስተኛው ቀን የታመመውን ፊት ሲያይ ነገሩ የከፋ ይመስለዋል። ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛትና በመጀመሪያው ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር መያዝ ይረዳል። የላይኛው መንጋጋ ከተሠራ ከአፍንጫ ጥቂት ደም ይንጠባጠባል። የተዋጠ ደም ሆድን ስለሚያውክ በመጀመሪያው ቀን ማስመለስ እንግዳ ነገር አይደለም።

አፉ በሽቦ የታሰረ ሰው ሲያስመልሰው የሚያየው ሁሉ ይደነግጣል። መደረግ ያለበት ቀላል ነው፦ ታካሚው ቀና ብሎ ተቀምጦ አንገቱን ወደፊት ይደፋል፤ የሚበላው ፈሳሽ ስለሆነ በጥርሶቹ መካከልና በጉንጩ በኩል ይወጣል። በጀርባ ማስተኛት አይገባም። ትንፋሽ ካጠረው ግን የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ የሚያስተሳስሩትን ቋሚ ሽቦዎች ወዲያው መቁረጥ ያስፈልጋል። ለዚህ የምትሆን ሽቦ መቁረጫ ፒንሳ ከታካሚው አልጋ ራስጌ መለየት የለባትም። ፒንሳዋን መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ አስታማሚው የትኞቹ ሽቦዎች እንደሚቆረጡ በመስታወት ፊት፣ በገዛ ጣቱ እየጠቆመ ማሳየት አለበት። ይህን ሳያሳይ ከሆስፒታል የወጣ አስታማሚ ገና አልተማረም ማለት ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የመልስ ጉዞው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ ሰው ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ይወጣል፤ ጤነኛውንም የሚያጥወለውል መንገድ ነው። አፉ የታሰረ ታካሚ ከጉዞው በፊት ጥቂት ብቻ ቢወስድ፣ የማቅለሽለሽ መከላከያ ቢታዘዝለትና ከፊት ወንበር ቢቀመጥ ይሻላል። ፒንሳዋም ጣሪያ ላይ በተጫነ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በአስታማሚው ኪስ ትሁን።

ቤት ከተገባ በኋላ ትልቁ ሥራ ምግብ ነው። ለስድስት ሳምንት ያላኘከ ሰው ይከሳል፤ የከሳ ሰው አጥንት ደግሞ ዘግይቶ ይገጥማል፣ ቁስሉም ቶሎ ያመረቅዛል። የጎጃም ወጥ ቤት ለዚህ ችግር የሚሆን ነገር አያጣም። የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት በወተት ተሠርቶ ማርና ቅቤ ሲገባበት ጉልበት ይሰጣል፤ ትኩስ ሳለ እንቁላል ተመትቶ ቢገባበት ደግሞ ገንቢ ይሆናል። በደንብ የተነፋ በሶ በውሃ ወይም በወተት ቀጥኖ፣ ሽሮ በወንፊት ተጠልሎ፣ የዶሮ ወይም የሥጋ መረቅ፣ እርጎ፣ በውሃ የቀጠነ አቡካዶ ሁሉም ይሆናሉ። ወተቱ የፈላ ይሁን። የቡሬ በርበሬ ስሙ የገነነ ቢሆንም ለነዚህ ሳምንታት ይቆይ፤ ቁስልን ያቃጥላል፣ ቅንጣቱም በስፌት መካከል ይቀረቀራል። ምግቡ በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይሰጣል። ሽቦ ያለበት ሰው በመጨረሻው ጥርሱና በጉንጩ መካከል ባለችው ክፍተት፣ ለስላሳ ቱቦ በተገጠመለት ሲሪንጅ ሊመገብ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በስትሮ መምጠጥ ደም ስለሚያስነሣ በኩባያ መጠጣት ይመረጣል።

ጾም ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ መንጋጋ ከሚታሰርበት ጊዜ ይረዝማል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች፤ ሆኖም ብዙ ታካሚዎች፣ በተለይ እናቶች፣ ወተትና እንቁላል ከአፋቸው ከሚገባ መራብን ይመርጣሉ። ከዚህ ውሳኔ ጋር መሟገት የሐኪም ሥራ አይደለም። የሐኪም ሥራ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጉዳዩን አንሥቶ፣ ታካሚው ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲመክር ጊዜ መስጠት ነው። ሊቆይ የሚችል ቀዶ ሕክምና ከፋሲካ በኋላ ቢቀጠር ከሁሉም ይሻላል። የማይቆይ ከሆነ የሱፍ ውሃ፣ ተልባ፣ የተፈጨ ለውዝ፣ የምስርና የሽሮ መረቅ አሉ፤ ብዛታቸውና ድግግሞሻቸው ግን መጨመር አለበት።

ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ አፍ መጽዳት አለበት። በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው። መፋቂያ ለጊዜው ይቀመጥና ለስላሳ የሕፃን የጥርስ ብሩሽ ይተካው። ቁስል ያለበትን ሰው ሽታ ይመታዋል ተብሎ ጤና አዳም አፍንጫው ውስጥ የመወተፍ ልማድ በአካባቢው አለ። የላይኛው መንጋጋው የተሠራ ሰው ግን አፍንጫው ውስጥ ምንም መግባት የለበትም፤ ለጥቂት ሳምንታት መናፈጥም አይፈቀድለትም። ልማዱን ከማውገዝ ይልቅ ጤና አዳሙን በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ እንዲያሸቱት መንገር ይበጃል፤ ቤተሰቡም በደስታ ይቀበለዋል። እብጠቱ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽ ቆዳ ላይ እስከቀረ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ የቁስሉ ስፌት ላይ ግን አይደረግ። ወጌሻ ዘንድ መሄድ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በሳህንና በብሎን የታሰረ አጥንት ሲታሽ ብሎኑ ይላላል፣ አጥንቱ ይንሸራተታል። ይህ በልመናም ቢሆን መከልከል አለበት።

ኢንፌክሽን ከሚገጥሙት እክሎች አንዱ ነው። ምልክቱ ከአራተኛው ቀን በኋላ መቀነስ ሲገባው የሚጨምር እብጠት፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ጠረንና መግል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይህን ካየች ታካሚውን ሳታውል ሳታሳድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መላክ አለባት። መግል ካለ መውጣት አለበት፤ መድኃኒት ብቻ እየቀያየሩ መስጠት ጊዜ ያባክናል። ብዙ ጊዜ ከሌላ ፀረ ባክቴሪያ ጋር የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ከአረቄ፣ ከጠጅ ወይም ከጠላ ጋር ሲገናኝ ሊያስመልስ ይችላል፤ አፉ ለታሰረ ሰው ይህ አደጋ ነው። መግሉ እየዳነ የሚመለስ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ላላ ብሎን ወይም ወደ ሳህኑ ይሄዳል። አጥንቱ ከተያያዘ ሳህኑን ማውጣት ቀላል ነው፤ ካልተያያዘ ግን እንደገና ማሰር ስለሚያስፈልግ ወደሠራው ሆስፒታል መመለስ ግድ ነው። ጥርሶች ትናንት እንደገጠሙት ዛሬ ካልገጠሙ፣ ያም ያለ ሕመም ቢሆን፣ እንዲሁ በአስቸኳይ መታየት አለበት፤ ከሳምንታት በኋላ አጥንቱ በተንሸራተተበት ይጠነክራል። ደም ከፈሰሰ ታካሚው ወደፊት አዘንብሎ ተቀምጦ ንጹሕ ጎዝ ይጫንበታል፤ በሃያ ደቂቃ ካልቆመ ሆስፒታል ነው።

የከንፈርና የአገጭ መደንዘዝ ከነዚህ የተለየ ነው። የታችኛውን ከንፈር ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በአጥንቱ ውስጥ ስለሚያልፍ አጥንቱ ሲቆረጥ ይጨነቃል፤ ሲሰበርም እንዲሁ። ስሜቱ በአብዛኞቹ ታካሚዎች በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ መንዘርና መውረር ብዙ ጊዜ የመመለሱ ምልክት ነው። ከዓመት በኋላም ያልተመለሰ ግን በከፊል ወይም በሙሉ ሊቀር ይችላል፤ ይህም ታካሚው ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ሐቅ ነው። እስከዚያ ትኩስ አጥሚት ከንፈርን ሳይታወቅ ያቃጥላል፤ ስለዚህ የምግቡ ሙቀት በእጅ አንጓ ይለካ። ለሃጭ ሲፈስስ አይታወቅምና ሰው ፊት መብላት ያሳፍራል። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ከለቅሶና ከማኅበር ይቀራሉ፤ ዝምታቸውም አጥንቱ ከያዘ በኋላ ይቀጥላል። አስታማሚና ነርስ ይህን ሐዘን እንደ ሕመም ቆጥረው ሊጠይቁት ይገባል።

አፍን ስለመክፈት የሚሰጠው ምክር ለሁሉም አንድ አለመሆኑን አለማወቅ ብዙ ጉዳት አድርሷል። ለስብራት የታሰረ ሰው ሽቦው እስኪፈታ አይከፍትም። መገጣጠሚያው ተጣብቆ የተለቀቀላት ልጅ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ እያመማት፣ በቀን ብዙ ጊዜ መክፈት አለባት። የምላስ መጫኛ እንጨቶች ተደራርበው በጥርሶች መካከል ይገባሉ፤ በየጊዜው አንድ ይጨመራል። ግቡ የራሷ ሦስት ጣቶች ተደራርበው እንዲገቡ ነው፤ ልምምዱም ቢያንስ ስድስት ወር፣ ብዙ ጊዜም ዓመት ይቀጥላል። ስታለቅስ አይቶ የሚራራ ወላጅ ልምምዱን ሲያስቆማት መገጣጠሚያው መልሶ ይጣበቃል፣ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምናም ከመጀመሪያው ይከብዳል። የጎረቤት ታካሚ «አትክፈቺ ተብያለሁ» ሲል ሰምታ ልምምዷን ያቆመች ልጅ ጥፋት የለባትም፤ የሁለቱ ሕክምና የተለያየ መሆኑን የነገራት የለም።

ለዚህ ነው የመልስ ሪፈር ወረቀቱ ከመድኃኒቱ እኩል ክብር የሚገባው። የትኛው አጥንት እንደተሠራ፣ ሳህኖቹ የት እንዳሉ፣ መንጋጋውን ያሰረው ሽቦ ወይም ላስቲክ በየትኛው ቀን እንደሚፈታ፣ አፍ መከፈት አለበት ወይስ የለበትም፣ ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ጥርሶቹ እንዴት ይገጥሙ እንደነበር በግልጽ ይጻፍበት። የቀዶ ሐኪሙ ክፍል ስልክም ይኑርበት፤ ክረምት ሲገባ ወይም መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ያልፋልና፣ የፍኖተ ሰላም ሐኪም ደውሎ የሚጠይቀው ሰው ማግኘት አለበት። ለታካሚው ደግሞ አንድ ገጽ በአማርኛ ይበቃል፤ ማንበብ ለማይችል፣ ተማሪ ልጁ ታነብለታለች።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ፍትፍትና ገንፎ ይጀመራል። እርሻና ከባድ ሸክም፣ በተለይም ከእንስሳ ጋር የሚያታግል ሥራ፣ ሐኪም አይቶ እስኪፈቅድ ይቆያል። የበቆሎ ጥብስና ቆሎ ከሁሉ ኋላ ናቸው፤ ሦስት ወር ሳይሞላ አይደፈሩም። የቲታኒየም ሳህን ካላስቸገረ ዕድሜ ልክ በሰውነት ውስጥ ይቀመጣል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ግን ክትትሉ በዚህ አያበቃም፤ የተጎዳው ወገን ከጤነኛው ወገን ኋላ እየቀረ ፊቱ ሊጣመም ስለሚችል፣ እድገቱ እስኪያቆም በየዓመቱ መታየት አለበት።